የስቲምፓንክ ልብስ ፓተርን ስለመንደፍ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብዬ የስቲምፓንክ ልብስ ፓተርን፣ ማለትም ጨርቁ የሚቀደድበትን የወረቀት ቅድ፣ እነድፋለሁ ስል ሰው መጀመሪያ ዝም ይላል። ቀጥሎ ይስቃል። ከዚያ ጥያቄው ይጀምራል። ጥያቄዎቹ ደግሞ ሁሌም ያው ናቸው። በቴሌግራም ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ቦታ ላስቀምጣቸው ብዬ ነው። አንዳንዱ መልስ ይረዝማል፣ አንዳንዱ ሁለት መስመር ነው። ቅር እንዳይላችሁ።

ስቲምፓንክ ምንድን ነው?

ጨዋታ ነው። «ቤንዚንና ኤሌክትሪክ ባይመጡ፣ ዓለም በእንፋሎት ሞተር ብቻ ቢቀጥል ኖሮ ሰው ምን ይለብስ ነበር?» የሚል ጨዋታ። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው አሜሪካዊው ደራሲ ኬ ደብልዩ ጄተር ነው። እሱና ጓደኞቹ የሚጽፉትን ልቦለድ ምን እንበለው ሲባል በቀልድ ጣል ያደረጋት ቃል ናት። ቀልዷ ስም ሆና ቀረች።

ልብሱ የሚነሳው ከእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1901። ሰደርያ፣ ኮርሴት (ኋላው በክር እየታሰረ ወገብ የሚያጠብ የሴት ልብስ)፣ ረጅም ኮት፣ ከኋላው የተነፋ ቀሚስ፣ ከፍ ያለ ባርኔጣ። በዚያ ላይ የማሽን ነገር ይጨመራል። ቆዳ፣ ነሐስ፣ የበያጅ የሚመስል መነጽር፣ የተፈታ ሰዓት ውስጥ የምታዩት ጥርሳም ክብ ብረት።

ታዲያ ጎጃም ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። ቪክቶሪያ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም በዚያው ዓመት ነው ያረፉት። ስለዚህ ፈረንጅ «የቪክቶሪያ ዘመን» ሲል እኔ በልቤ መንቆረር ደብረ ማርቆስ የተባለችበትን ዘመን አስባለሁ። ለንደን ላይ ረጅም ባርኔጣ ሲደረግ እዚህ በርኖስ፣ ለምድ፣ ካባና እጀ ጠባብ ይለበስ ነበር። ዘመኑ አንድ ነው፤ ቅዱ ብቻ ነው የተለየው።

እንፋሎትም ቢሆን እንግዳችን አይደለም። ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ ለዳግማዊ ምኒልክ ያስመጣውን በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ ማሽን ሰው «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ስም አውጥቶለታል። ገጠር ብትሄዱ ደግሞ እህል የሚፈጨው ሞተር ዛሬም «ባቡር» ነው የሚባለው። እህል ተሸክሞ «ባቡር ቤት ልሂድ» የሚል ሰው ባለበት አገር ስቲምፓንክን ማስረዳት ያን ያህል አይከብድም።

በርኖስን ተመልከቱ። ጥቁር ሱፍ ነው፣ ከትከሻ እስከ እግር ይወርዳል፣ በአንዱ ትከሻ ላይ ቀና ብሎ የቆመ ጫፍ አለው። ያንን ጫፍ ባየሁ ቁጥር «ይሄ እኮ ግማሹን መንገድ ሄዶልናል» እላለሁ። የመጀመሪያው የሸጥኩት ፓተርን ከዚህ የተነሳ ነው። በጣና ላይ የእንፋሎት መርከብ ቢኖር ካፒቴኑ ምን ይለብሳል ብዬ የሠራሁት ኮት ነው። የአንድ ትከሻው ጫፍ የበርኖስ፣ ወገቡ ጠበቅ ያለ፣ ከወገብ በታች ለሁለት የተሰነጠቀ።

እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል የሄደ ሰው ደግሞ የፈረሱን ጌጥ ብቻ ቢያይ የስድስት ወር ሐሳብ ይዞ ይመለሳል።

ፓተርን ልብስ ሰፊው ከሚቀደው በምን ይለያል?

የኛ ልብስ ሰፊ ሜትሩን አንገቱ ላይ አድርጎ ይለካችኋል፣ በጠመኔ ጨርቁ ላይ ያሰምራል፣ ይቀዳል። ቅዱ ያለው ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። የሚቀደው ለእናንተ ብቻ ነው። ካልሆነ ጠርቶ ያስተካክላል።

የሚሸጥ ፓተርን ግን የማታውቁት ሰው፣ በማታውቁት ከተማ፣ በማታዩት ገላ ላይ የሚሰፋው ነው። ጠርታችሁ አታስተካክሉም። ማሳቹሴትስ ውስጥ ኤቤኔዘር ባተሪክ የሚባል ልብስ ሰፊ እ.ኤ.አ. በ1863 በተለያየ ልክ የተዘጋጀ የወረቀት ቅድ መሸጥ ሲጀምር ትልቁ ነገሩ ይሄ ነበር። ከእሱ በፊት ሰው የሚያገኘው ቅድ ባብዛኛው በአንድ ልክ ብቻ ነበር፤ በራሱ ልክ ማድረጉ የገዢው ጣጣ ነው። ከዚያ ማኮል መጣ፣ ሲምፕሊሲቲ መጣ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመን ላይ ቡርዳ መጣ። ዛሬ ብዙዎቻችን የምንሸጠው በፒዲኤፍ ነው። ሥራው ግን አልተለወጠም፤ ለማታዩት እጅ መጻፍ ነው።

ከየት ልጀምር?

ከጥላው። ሥዕላችሁን ሥሩና ውስጡን በሙሉ በጥቁር ቀለም ሙሉት። ኪስ የለም፣ ቁልፍ የለም፣ ጥርስ የለም። ጥቁር ቅርጽ ብቻ። ከሩቅ ስታዩት አሁንም «ይሄ ምንድን ነው?» ያሰኛል? ካሰኘ ፓተርን አላችሁ። ተራ ኮት ከመሰለ ግን ስቲምፓንክ ያደረገው የለጠፋችሁት ብረት ነው። ብረት ለመለጠፍ ደግሞ ማንም ፓተርን አይገዛም፣ ሙጫ ይገዛል።

ፓተርን የሚሸጠው ስፌቱ ውስጥ ያለው ነገር ነው። ለምሳሌ ከትከሻ ተነስቶ ጡት ላይ አልፎ ወገብ የሚደርስ ረጅም ስፌት። ልብስ ሰፊዎች ፔንስ የሚሉትን መሰብሰቢያ ወደዚህ ስፌት ካዞራችሁት ወገቡ ይጠባል፣ ስፌቱ ራሱ እንደ ቧንቧ መገጣጠሚያ ይታያል። በላዩ ሁለት መስመር በወፍራም ክር ብትሰፉበት ብረት ሳትለጥፉ ማሽን መሰለ ማለት ነው። ይህን የተማርኩት ከጎጃም ቁምጣ ነው። በባለ ቀለም ክር፣ በስፌት መኪና፣ መስመር በመስመር የሚጌጠውን ታውቁታላችሁ።

ቀሚስ ላይም እንደዚሁ። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ አውሮፓ ውስጥ ከኋላ የሚነፋ ቀሚስ ፋሽን ነበር። ውስጡ የሽቦ ቅርጫት አለው። እኔ ሽቦውን ትቼ ሽንሽን አደረግሁት። አገሬው ሽንሽን ያውቃል፤ ልብስ ሰፊውም ዓይኑን ጨፍኖ ይሸነሽናል። ሒሳቡን ብቻ እንዳትረሱ፦ ጎን ለጎን የተጠጋጋ ሙሉ ሽንሽን ሦስት እጥፍ ጨርቅ ይበላል። ወገቡ ላይ 40 ሳንቲሜትር እንዲሆን ከፈለጋችሁ 120 ትቀዳላችሁ፣ የስፌት ትርፉን (ለመስፊያ ከጠርዙ የሚተወውን ጨርቅ) ሳይጨምር። የጨርቁን መጠን አሳንሶ የጻፈ ነዳፊ ስድብ ይጠግባል።

ሁሉም ነገር ቡናማ መሆን አለበት?

የለበትም! ቡናማውን ያመጣነው የድሮ ፎቶ እያየን ይመስለኛል። ዊሊያም ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት ልጅ እ.ኤ.አ. በ1856 የወባ መድኃኒት እሠራለሁ ሲል ሐምራዊ ቀለም አገኘ። ከዚያ በኋላ የነበሩት ሴቶች ዓይን የሚወጋ ሐምራዊና አረንጓዴ ነው የለበሱት። እናንተም የጎጃሙን አረንጓዴ ተጠቀሙበት።

ልኬቱንና የስፌት ትርፉን እንዴት ልወስን?

አንድ መሠረታዊ ልክ ምረጡ፣ እሱን ጨርሱ፣ ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች አባዙ። ሳይጨርሱ ማባዛት አንዱን ስህተት ሰባት ማድረግ ነው።

ደረት ላይ በየልኩ 4 ሳንቲሜትር ትጨምራላችሁ እንበል። ተራ ሰደርያ ላይ ይሄ በአራት ይካፈላል፦ ለፊት ግማሽ 1፣ ለኋላ ግማሽ 1። 12 ቁራጭ ባለው ኮርሴት ላይ ግን ለእያንዳንዱ ቁራጭ የሚደርሰው 3 ሚሊሜትር ከምናምን ብቻ ነው። ያንን ሁሉ አንድ ጎን ላይ ከጫናችሁት ስፌቱ ከቦታው ይንሸራተታል፣ የጡቱ ቦታ ብብት ሥር ይሄዳል።

የአሜሪካኖቹ ትልልቅ ድርጅቶች የስፌት ትርፍ 1.5 ሳንቲሜትር አድርገው ቅዱ ውስጥ ያስገባሉ። ቡርዳ መጽሔት ላይ ደግሞ በልማድ ትርፍ የለም፣ ሰፊው ራሱ ይጨምራል። የፈለጋችሁትን ምረጡ። ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ጻፉት። መመሪያው ላይ ብቻ ከጻፋችሁት አይነበብም።

የመንቀሳቀሻ ክፍተትም አለ። ሰደርያው ከሸሚዝ በላይ ነው የሚለበሰው፣ ኮቱ ከሰደርያው በላይ። አንዱን በባዶ ገላ ልክ ነድፋችሁ ሌላውን ከላዩ ብትደርቡ ሰውየው እጁን አያነሳም።

ኮርሴት አደገኛ አይደለም?

አለልክ ከጠበበ አዎ። እኔ የምነድፈው ለመድረክና ለፎቶ ስለሆነ ብዙ እንዲጠብ አላደርገውም። ኋላው ላይ፣ ክሩ በሚታሰርበት፣ 5 ሳንቲሜትር ያህል ክፍት ቦታ እተዋለሁ። ያ ክፍተት ለለባሿ መተንፈሻ ነው፣ ለእኔ ደግሞ የልክ ስህተት መሸፈኛ። ሙከራው ቀላል ነው፦ ቁጭ ብላ ቡና መጠጣት ካልቻለች ጠቧል።

ጨርቁ የማይለጠጥ መሆን አለበት። ወፍራም ካኪ ሁለት ድርብ በቂ ነው። ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የብረት ዘንግ እዚህ አይገኝም ብላችሁ አትተዉት፤ ለሽቦ ማሰሪያ የሚሸጠው ሰፊ ፕላስቲክ ይሠራል። ጫፉን በእሳት አለስልሱት፣ አለበለዚያ ጨርቁን በስቶ ጎን ይወጋል። ለክሩ የብረት ቀለበት ለማስገባት ልብስ ሰፊ ጋ አትሂዱ። ጫማ ሰፊ ጋ ሂዱ።

ምን ዓይነት ጨርቅ ልጻፍ?

ገዢው ገበያ ላይ የሚያገኘውን። ሱፍ፣ ካኪ፣ ከፋይ፣ ለገበር ሳቲን። ከፋይ ካዘዛችሁ ፀጉሩ ወደ አንድ አቅጣጫ መተኛቱን አስጠንቅቁ። ቁራጮቹ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ካልተቀደዱ አንዱ ትከሻ ጠቆር፣ አንዱ ፈካ ይላል።

የሽመና ጨርቅ ሲሆን ሌላ ጣጣ አለ። የሚሸጡ ፓተርኖች የጨርቅ ስፋት 115 ወይም 150 ሳንቲሜትር ነው ብለው ያስባሉ። የሸማኔ ጥበብ ግን ብዙ ጊዜ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ሰፊ ቁራጭ አይወጣለትም። እኔ መፍትሔ ያልኩት ኮቱን መጀመሪያውኑ በጠባብ ቁራጮች መንደፍ ነው። ስፌት ይበዛል። ስቲምፓንክ ላይ ግን ስፌት መብዛቱ ጌጥ ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ይረዳናል። ፓተርን ላይ ያለው ረጅሙ ቀስት የክሩን አቅጣጫ ያሳያል። ለፈረንጅ ማስረዳት አንድ አንቀጽ ይፈጃል። ለአማርኛ አንባቢ «ቀስቱን ከድሩ ጋር አስተካክሉ» ማለት ብቻ ነው። ድርና ማግን የማያውቅ የለም።

በምን ልሞክረው?

በአቡጀዴ። ርካሽ ነው፣ አይለጠጥም፣ እርሳስ ይይዛል። ፈረንጆቹም ለዚሁ ሥራ የሚጠቀሙት ያልነጣ ጥጥ ነው።

የመጀመሪያውን ሙከራዬን ልንገራችሁ። አብሬያቸው የምሠራ ልብስ ሰፊ አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። በረንዳ ላይ ናቸው፣ በእግር በሚረገጥ ሲንጀር። ሲረግጡት ታችኛው ትልቅ ጎማ ይዞራል፣ የቆዳው ቀበቶ ላይኛውን ይነዳል፣ መርፌው ይወርዳል። ነዳጅ የለ፣ መብራት የለ። ስቲምፓንክ ፍለጋ ኢንተርኔት ስዞር ከርሜ ጎኔ ተቀምጦ አገኘሁት።

የካፒቴኑን ኮት ቁራጮችና የታተመውን መመሪያ ሰጠኋቸውና ምንም አልናገርም ብዬ ቁጭ አልኩ። መነጽራቸውን አደረጉ። የመመሪያውን የመጀመሪያ ገጽ አነበቡ። ከዚያ አጠፍ አድርገው ስኒያቸውን አስቀመጡበት። እጅጌውን አነሱ፣ አገላበጡ፣ ወደ ብርሃን አደረጉት።

«ልጄ፣ ይሄ የቱ ነው ፊቱ?»

«በግራ በኩል ያለው ነው ጋሼ።»

«እሱን አንቺ ነሽ ያልሽው። ወረቀቱ ምን ይላል?»

ወረቀቱ ምንም አይልም። ደንቡ ፊት ላይ አንድ፣ ኋላ ላይ ሁለት ትንንሽ ምልክት ማድረግ ነው፤ እጅጌውም ብብቱም ላይ፣ እንዲገናኙ። ረስቼዋለሁ።

«እኔስ ስንት ዘመን ሰፋሁት፣ ጉብታውን አይቼ አውቀዋለሁ። ያ ሩቅ አገር ያለው ልጅ ግን እጅጌውን ገልብጦ ይሰፋና አንቺን ይረግማል።»

ወረቀቱን ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምንም በፊት የማየው ምልክቶቹን ነው።

ፒዲኤፉ ሲታተም ልኩ ይበላሻል። ለምን?

ኮምፒውተሩ «ከገጹ ጋር አስማማ» የሚለውን በራሱ ስለሚመርጥ። አንዴ አንዲት ደንበኛ ሰደርያው ጠበበኝ አለችኝ። ቅዱን ሦስት ጊዜ ለካሁት፣ ልክ ነው። መጨረሻ ላይ የታተመውን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ በ97 በመቶ አትሞላታል። ደረቱ 100 ሳንቲሜትር መሆን ሲገባው 97 ሆኗል ማለት ነው። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ መለኪያ ሳጥን አላደረግሁበትም ነበር።

አሁን የመጀመሪያው ገጽ ላይ 10 በ10 ሳንቲሜትር ሳጥን አለ፣ ከላዩም በትልቁ «መጀመሪያ ይህን ገጽ ብቻ አሳትሙ፣ በማስመሪያ ለኩ» ይላል። 9.7 ከሆነ አቁሙ። ኤ4 ገጽ መለጣጠፍ የሰለቸው ደግሞ የሕንፃ ንድፍ የሚያትሙበት ቤት ሄዶ በኤ0 ያሳትም። ለዚያ የሚሆን ሌላ ፋይል አዘጋጁ።

መነጽሩና ብረታ ብረቱስ ፓተርኑ ውስጥ ይገባል?

አይገባም። የሚቀመጥበትን ቦታ ግን ንደፉለት፤ የሰዓት ኪስ፣ የመሣሪያ ማንጠልጠያ ቀበቶ፣ ትከሻ ላይ ከውስጥ የተጠናከረ ጨርቅ። ከባድ ነሐስ ባልጠነከረ ከፋይ ላይ ከተሰፋ ይጎትተዋል።

ከሌላ ፓተርን ብወስድስ?

ሰደርያ፣ በርኖስ፣ ኮርሴት የማንም አይደሉም። አንድ ነዳፊ የሠራው ሥዕል፣ የጻፈው መመሪያና የታተመው ወረቀት ግን የእሱ ነው። እኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። የልብሱ ውጫዊ ንድፍ ራሱ አዲስ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 እንደ ኢንዱስትሪ ንድፍ ማስመዝገብ ይቻላል። የሌላውን ወረቀት አስደግፎ መገልበጥ ሌብነት ነው፤ እዚህ ላይ አልሽኮረመምም። ሙዚየም ያለ ልብስ አይቶ ከዜሮ መንደፍ ግን ሥራችሁ ነው።

ማን ይገዛል?

ቲያትር የሚሠሩ ልጆች፣ ክሊፕ የሚቀርጹ፣ ፎቶ ቤቶች፣ ፋሽን የሚማሩ። ውጭ ያሉ ሐበሾችም አሉ። ሰው እንደሚያስበው ብዙ ብር የለውም። አገር ውስጥ በቴሌብር ይከፍላሉ፣ ፋይሉን እልካለሁ፣ አለቀ።

የስፌት መኪና የለኝም። ልጀምር እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ለመንደፍ የሚያስፈልገው ትልቅ ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ እርሳስና ትዕግሥት ነው። ለሙከራው ልብስ ሰፊ ትቀጥራላችሁ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ጎበዝ ልብስ ሰፊ ስህተታችሁን ዝም ብሎ ያስተካክላል። ትከሻው 1 ሳንቲሜትር ረዝሞ ከሆነ በመቀሱ ቅንስ ያደርጋትና ይሰፋዋል። እናንተ ኮቱን ታያላችሁ፣ ያምራል፣ ቅዱን ትሸጣላችሁ። ስህተቱ ግን ወረቀቱ ላይ እንዳለ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ሙከራ ገና ስፌት ለሚማር ሰው ስጡት። እሱ የሚሳሳትበት ቦታ ሁሉ የእናንተ ጥፋት ነው።

ጋሼን ደግሞ አስቀድሜ እለምናቸዋለሁ፦ «እባክዎ ጋሼ፣ ቢጣመምም እንደተጣመመ ይስፉልኝ።» ይበሳጫሉ። «በእጄ ጠማማ ልብስ ወጥቶ አያውቅም» ይላሉ። አሁን ከስፌቱ ዋጋ ላይ ትንሽ ጨመር አድርጌ ነው የምከፍላቸው፤ ጭማሪዋ ለጠማማው ናት።